አጋሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ፦ የጋራ መከላከያ ውል እስከ ምን ያስራል?

ትየርኪዲ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በፓጋክ ኬላ በኩል ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ኑዌሮች ናቸው። ያሰደዳቸው ጦርነት ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ፣ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር እና በቀድሞ ምክትላቸው በሪክ ማቻር ወገኖች መካከል የፈነዳው ነው። ሳምንታት ሳይቆጠሩ የኡጋንዳ ጦር በኪር መንግሥት ጥሪ ገብቶ ከጎኑ ተሰለፈ። ኢትዮጵያ ደግሞ ሁለቱን ወገኖች ለማደራደር አዲስ አበባ ላይ ጠረጴዛ ዘረጋች። ኡጋንዳም ኢትዮጵያም የአንድ ድርጅት፣ የኢጋድ፣ አባላት ናቸው። ታዲያ አንዱ አባል ሲዋጋ ሌላው እንዴት አስታራቂ ሊሆን ቻለ?

መልሱ ኢጋድ የጦር ቃል ኪዳን አለመሆኑ ነው። በ1978 ዓ.ም. ሲቋቋም የታሰበው ድርቅን ለመከላከል ነበር፤ የሰላምና የጸጥታ ሥራ የተጨመረለት በ1988 ዓ.ም. ነው። አባላቱ ግጭትን በሰላም ለመፍታት ቃል ይገባሉ እንጂ አንዱ ሲጠቃ ሌላው እንዲዘምት የሚያስገድድ አንቀጽ የላቸውም። ስለዚህ ኡጋንዳ የገባችው በጁባ ግብዣ እንጂ በድርጅቱ ውሳኔ አልነበረም። የራሷ ፓርላማ እንኳ ዘመቻውን ያጸደቀው ጦሩ ከገባ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ጦሩ እንዲወጣ ጠየቀች። አምባሳደር ስዩም መስፍን በመሩት የኢጋድ ድርድር ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. የተፈረመው የተኩስ አቁም ስምምነትም፣ ሁለቱ ወገኖች የጋበዟቸው ኃይሎች ከውጊያው ቀጠና እንዲርቁ ይጠይቅ ነበር። ሆኖም ኡጋንዳ ጦሯን ያስወጣችው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

እውነተኛ የመከላከያ ውል ቢኖርስ? እንዲህ ያለ ውል ሲነበብ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ግዴታውን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? መቀስቀሱን የሚወስነው ማን ነው? መርዳት ሲባልስ ምን ዓይነት እርዳታ ነው?

በመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀችው ጣሊያን ናት። ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጋር የሦስትዮሽ ቃል ኪዳን ነበራት፤ በ1906 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግን «ውላችን ለመከላከል ነው፤ ጦርነቱን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ» ብላ ከዳር ቆመች። ሁለተኛውና ሦስተኛው በኔቶ አምስተኛ አንቀጽ ላይ ጎልተው ይታያሉ። በአንድ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አገር የሚያደርገው ራሱ አስፈላጊ ነው ያለውን ነው። ጦር መላክ ከአማራጮቹ አንዱ ብቻ ነው።

የእኛው ምሳሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ውል ነው። ሁለቱ አገሮች በ1956 ዓ.ም. የተዋዋሉት ሁለቱም የሶማሊያን የግዛት ጥያቄ ስለሚሰጉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ውሉ ተፈተነ። ኬንያ ኢትዮጵያን ደግፋ ቆመች፤ ጦሯን ግን ጦር ሜዳ አላሰለፈችም። ኬንያ በወቅቱ የምዕራቡ ዓለም ወዳጅ ነበረች፤ የደርግ መንግሥት ደግሞ ፊቱን ወደ ሞስኮ አዙሮ ነበር። ቢሆንም በየካቲት 1970 ዓ.ም. ለሶማሊያ የጦር መሣሪያ የጫነ የግብፅ አውሮፕላን በኬንያ ሰማይ ሲያልፍ የኬንያ ተዋጊ ጄቶች ናይሮቢ ላይ እንዲያርፍ አስገደዱት። አንድም ወታደር ሳይዘምት ውሉ በዚህ መልክ ሠራ።

ጋምቤላ ራሷም ከዚያ ቀደም ብሎ የአጋሮች አለመስማማት ደርሶባታል። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ቤልጂየምን አልነካችም። በጀርመን የተወረረችው ቤልጂየም የብሪታንያ የጦር አጋር ብትሆንም ከጣሊያን ጋር በይፋ አልተጣላችም። የቤልጂየሙ ንጉሥ የሊዮፖልድ እህት የጣሊያን አልጋ ወራሽ ሚስት ነበሩ። ብሪታንያ በምሥራቅ አፍሪካ ጣሊያንን ለመውጋት የቤልጂየም ኮንጎን ጦር ስትፈልግ፣ ቤልጂየሞች ደግሞ ያመነቱ ነበር።

በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ካፔሊኒ፣ ካባሎ የተባለችውን የቤልጂየም መርከብ አትላንቲክ ላይ አሰጠመች። አዛዡ ሳልቫቶሬ ቶዳሮ ከሰጠመችው መርከብ የተረፉትን ሠራተኞች ጥሎ አልሄደም፤ እስከ አዞረስ ደሴቶች አደረሳቸው። በዚያው ሰሞን የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች ከቤልጂየም ምድር እየተነሱ ብሪታንያን መደብደብ ጀመሩ። ለንደን የገባው የቤልጂየም ስደተኛ መንግሥት ማመንታቱን ትቶ ኅዳር 14 ቀን 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ ጦርነት አወጀ።

ከዚያ ወዲያ ፎርስ ፑብሊክ የተባለው የኮንጎ ጦር ሱዳንን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገባ። በመጋቢት ወር አሶሳን፣ ቀጥሎም ጋምቤላን ያዘ። ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ ሰኔ 26 ቀን ሳዮ ላይ፣ ማለትም በዛሬዋ ደምቢዶሎ፣ የጣሊያኑን ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራን ከነሠራዊቱ ማረከ። በዘመቻው በበሽታና በስንቅ እጥረት የተሰቃዩት፣ ብዙዎቹም በመንገድ የቀሩት የኮንጎ ወታደሮችና ተሸካሚዎች፣ ቤልጂየም ጣሊያንን ትውጋ አትውጋ ሲባል ማንም አስተያየታቸውን አልጠየቃቸውም።

እነዚህ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ውል ብቻውን አገርን ወደ ጦርነት እንደማይጎትት ይታያል። ኬንያ ውል ነበራት፣ አልዘመተችም። ኡጋንዳ ጋባዥ እንጂ የኢጋድ ግዴታ አልነበራትም፣ ዘመተች። ቤልጂየም በጣሊያን ላይ ከአጋሯ ጋር የተሰለፈችው ጥቃቱ ወደ ራሷ ሲመጣ ነው። አለመስማማት ሁልጊዜም ጥፋት አይደለም፤ ኢትዮጵያ በደቡብ ሱዳን ከአንዱ ወገን ጋር ባለመሰለፏ የ2007ቱ የሰላም ድርድር አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ችሏል። ጉዳቱ የሚመጣው ውሉ ያለመግባባትን ቀን አስቀድሞ ሳያስብ ሲቀር ነው። እያንዳንዱ አባል ለብቻው ወስኖ ይዘምታል፣ ይሸመግላል ወይም ዝም ይላል፤ በድንበር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ የሁሉንም ውሳኔ ዋጋ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ አዲስ የመከላከያ ውል በተፈረመ ቁጥር «እንረዳዳለን» ከሚለው አንቀጽ ቀድሞ መነበብ ያለበት፣ ሳንስማማ ስንቀር ማን ይሰበስበናል፣ በስንት ቀንስ ይወሰናል የሚለው ነው።