የካራ ጠዋት ፀሐይ እና ቢጫ የሚሉ ጨቅላዎች

ካራ ላይ ጠዋት ይበርዳል። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ግን አራሶች ጨቅላቸውን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ፀሐይ አሙቂው» የማትል አያት በሰፈሩ የለችም። ልጁ ቢጫ ቢጫ ካለማ ምክሩ ይጠነክራል፦ «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ይወስድለታል።»

አያቶቻችን ከባዶ ተነስተው አይደለም እንዲህ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ውስጥ፣ በሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ጂን ዋርድ የተባሉ ነርስ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ግቢ እያወጡ ፀሐይ ያሞቁ ነበር። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ ያሳዩት ጨቅላ ቢጫነቱ ከሰውነቱ ለቆ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ያ ቦታ አንሶላ ሸፍኖት የዋለ ነበር። እዚያው ሆስፒታል ፀሐይ ሲመታው የቆየ የደም ናሙና ሲመረመርም የቢጫው መጠን ቀንሶ ታየ። ዛሬ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ የምናየው ፎቶቴራፒ የሚባለው ሰማያዊ መብራት የመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚፈጠር ነገር ነው። ማስወገድ የጉበት ሥራ ነው፤ የጨቅላ ጉበት ደግሞ ገና ሥራውን አልለመደም። ስለዚህ በጊዜያቸው ከተወለዱትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላሉ፤ አብዛኞቹን በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል። ሲበዛ ግን አንጎል ውስጥ ይገባል። መስማት የተሳነው፣ እንቅስቃሴው የተዛባ ልጅ የሚያስቀር፣ የሚገድልም ነው።

ደግነቱ ቢሊሩቢን ብርሃን ሲነካው ቅርፁን ይቀይራል። በተለይ 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ይጠማዘዝና ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ይሆናል፤ ከዚያ ጉበትን ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ሙቀት እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። «ፀሐይ ማሞቅ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስተናል።

አሁን ወደ ደጃፉ እንመለስ። በፎጣና በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ብርሃን የሚያገኘው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ዳይፐር ብቻ ቀርቶለት፣ ለብዙ ሰዓታት ነው መብራቱ ሥር የሚቆየው። «ታዲያ እኛም ልብሱን እናውልቅለት» እንዳትሉ! ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ካራ የእንጦጦ ጎን ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ ይበርደዋልም፣ ይቃጠላልም።

ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ላይ ለዚህ መላ ተፈልጎለት ነበር። ተመራማሪዎች መስታወት ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት ፊልም ድንኳን አድርገው ሠሩ፤ ፊልሙ ጎጂውን ጨረርና አብዛኛውን ሙቀት አስቀርቶ ሰማያዊውን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የተጣራው ፀሐይ በ93 በመቶ የሕክምና ቀናት ውጤታማ ነበር፤ መብራቱ በ90 በመቶ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። ግን ነርስ አጠገባቸው ሆና ሙቀታቸውን እየለካች የተደረገ ነው፤ ፊልም ገዝቶ ቤት የሚሞከር አይደለም። በካራ የክረምት ጭጋግ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ለእኔ ግን ከሕክምናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማየቱ ነው። ቢሊሩቢን ከፍ የሚለው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው፤ ብዙ እናቶች ደግሞ በወለዱ ማግስት ቤታቸው ናቸው። ቤቱ ምች እንዳይመታት ተብሎ መጋረጃው ተጋርዷል፣ ልጁም ከሰው ዓይን ተሸፍኗል። ጠይም ቆዳ ላይ ቢጫ በቀን ብርሃንም በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ። ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ቆዳው ቢጫ ሆኖ ይታያል ወይ?

ስልካችሁም ወደዚህ ሥራ እየገባ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የጋና ተመራማሪዎች ኒዮኤስሲቢ የሚባል መተግበሪያ ከ300 በላይ ጨቅላዎች ላይ ሞክረዋል። ካሜራው የሚያነሳው የዓይንን ነጭ ነው፤ እዚያ የቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ስለሌለ ጠይምም ሆነ ቀይ ልጅ እኩል ይነበባል። ተራ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ «ቢጫ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የክፍሉ አምፖል ብቻውን ቀለሙን ይቀይረዋል።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ያለ፣ ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ የደረሰ፣ ጡት አልይዝ ያለ፣ እንቅልፍ ያበዛ ወይም በቀጭን ድምፅ የሚያለቅስ ጨቅላ ነገ ጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ታክሲ ጥሩና ሆስፒታል ውሰዱት፤ ደሙን ይለኩለት። አያትየውንም ይዛችኋት ሂዱ፤ ሰማያዊውን መብራት ስታይ ነገሩ ከማንም በፊት የሚገባት እሷ ናት።