ለቢሮ ሥራ ምን ዓይነት ኮምፒዩተር ይበቃል?

ጠዋት ኮምፒዩተሩን አብርቶ፣ እስኪነሳለት ድረስ ሻይ ጠጥቶ የሚመለስ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ኤክሴል ሲከፍት ደግሞ እንደገና ይጠብቃል። በመጨረሻ «ይሄ አርጅቷል፤ ኮር አይ 7 ይገዛልን» የሚል ጥያቄ ለግዥ ክፍል ይቀርባል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም።

ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የደመወዝ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ወይም ፒችትሪ ላይ ሂሳብ የሚመዘግብ ሰው ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው ሥራ ትንሽ ነው። የሚያዘገየው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ፣ ሳህኑም ዞሮ መድረስ አለበት። ይህ በእያንዳንዱ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኢምንት ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ግን እዚህም እዚያም የተበተኑ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ይለቅማል። ጥበቃው የሚጠራቀመው በዚህ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ያንኑ ፋይል ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቀርባል። ለሰነድ ሥራ 256 ጂቢ የሚይዘው ይበቃል፤ በአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች ላይ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገጠማል። ስለ ቢሮ ኮምፒዩተር አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል የምመክረው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ማሽኑ ድርቅ ይላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 4 ጂቢ ነው፤ ያ ግን ለማስነሳት እንጂ ለመሥራት አይበቃም። ለተራ የቢሮ ሥራ 8 ጂቢ ይበቃል። ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ ጎን ለጎን በዙም የሚሰበሰብ ሰው 16 ቢኖረው ይሻላል። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ሳይገዙ ይጠይቁ።

ሻጮች በብዛት የሚያሞግሱት «አይ 7» የሚለውን ጽሑፍ ነው። ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የላፕቶፕ ኮር አይ 7-4600ዩ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ በ2022 የወጣው ኮር አይ 3-1215ዩ ግን ስድስት። ስለዚህ ከስሙ በፊት ጀነሬሽኑን ይጠይቁ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒዩተር ለመቀየር በቂ የሆነው ምክንያት ይህ ነው፤ ፍጥነት ብቻውን አይደለም።

ለብቻው የሚገጠም ግራፊክስ ካርድ ለአውቶካድና ለቪዲዮ ቅንብር ካልሆነ አያስፈልግም። በዚያ ገንዘብ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑን የሚያቆይ ዩፒኤስ ቢገዛበት ይሻላል።

እንግዲህ ፕሮፎርማ ከመሰብሰብዎ በፊት ኮምፒዩተሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ኤስኤስዲ፣ ራሙ ከሞላ ተጨማሪ ራም ይጠይቁ።