ዳክዬና ዶሮ በአንድ ጓሮ

ዳክዬና ዶሮ አብረው ይኖራሉ ወይ? ይኖራሉ፤ ያውም በሰላም። ጣጣው ያለው ውሃው ላይ ነው።

ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአፈር ነው። ደረቅ ቦታ ትጭርና አቧራውን በላባዋ መሃል እያራገፈች ተባይዋን ታረግፋለች። ዳክዬ ግን ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ካልነከረች ዓይኗንና የአፍንጫዋን ቀዳዳ በደንብ ማጽዳት አትችልም። ስትመገብም አንዴ መኖ፣ አንዴ ውሃ እያለች ነው። በመሃል ጭቃ በምንቃሯ ይዛ ትመለስና ጠዋት የሞላችሁትን ንጹሕ ውሃ ወዲያው ታደፈርሰዋለች፤ በዙሪያው ያለው ጭድም አብሮ ይርሳል።

እርጥብ ጉዝጓዝ ለዶሮ ክፉ ነው። ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያ ዓይኗንና መተንፈሻዋን ይጎዳል፤ ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስም እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ የዳክዬዎቹን ሳፋ ከማደሪያው አርቁት። ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ብትሞሉበትና በላዩ ወንፊት ሽቦ ብትዘረጉ፣ የፈሰሰው ሰርጎ ይሄዳል። ማታ ማደሪያው ውስጥ ውሃም መኖም አይግባ፤ ትልልቆቹ እስኪነጋ ይታገሳሉ። መኖውን ብቻ ትታችሁ ውሃውን ካነሳችሁ ግን ዳክዬዋን ሊያንቃት ይችላል።

ሲመሽ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ይወጣሉ፣ ዳክዬዎቹ መሬት ላይ ይተኛሉ። ከቆጡ ሥር አታስተኟቸው፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። አውራ ዶሮ ብልት የለውም ማለት ይቻላል፤ እንደ አብዛኞቹ ወፎች ቀዳዳውን ከሴቷ ጋር ለቅጽበት አነካክቶ ይወርዳል። ወንድ ዳክዬ ግን አለው፣ ያውም እንደ ብሎን የተጠማዘዘ! የሴት ዳክዬ አካል ለዚያ የተሠራ ነው፤ የዶሮ አይደለም። ሴት ዳክዬ ያነሰችው ወንድ ዳክዬ ዶሮዎቹን መስረር ከጀመረ ሊያቆስላቸው፣ አልፎም ሊገድላቸው ይችላል። ለአንድ ወንድ አራት አምስት ሴት ቢኖር ይመረጣል። እኔን ካላችሁኝ ወንዱን ተዉት፤ ለመብል የሚሆን እንቁላል ሴቷ ያለ ወንድም ትጥላለች።

የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ናያሲን የተባለውን ቫይታሚን ትፈልጋለች። በዶሮ መኖ ብቻ ካደገች እግሯ ሊወላገድ ስለሚችል፣ የቢራ እርሾ ነስነስ አድርጉበት። የሻገተ መኖ ግን በጭራሽ! በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ የቤት ወፎችን ፈጅቷል፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አልቀዋል። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀው ያኔ ነው።

ዳክዬ የወፍ ጉንፋንን ሳትታመም ልትሸከም ስለምትችል፣ የዱር ዳክዬ ከሚያርፍበት ኩሬ አርቋት፤ ዶሮዎቹን በሽታው ይጨርሳቸዋል።

ዶሮ የዳክዬ እንቁላል ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ነገር ግን 21 ቀን የለመደችው 28 ቀን መቀመጥ አለባት። በዚያ ትርፍ ሳምንት እንዳትከሳባችሁ መኖና ውሃ ከጎኗ አይጥፋ።