ሎዲንግ ላይ ገንዘባችን ለምን ያልቃል?

ለዛሬ ስለ ሎዲንግ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። «ስለ ጌም ደግሞ ምን ይጻፋል?» የምትሉ መምህራን ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ውስጡ ሒሳብም አለበት።

ነገሩ የተነሳው በታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚህ ቢቸና ጌም ቤት ገብቶ 5 ብር ከፈለና 10 ደቂቃ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ሊጫወት ተቀመጠ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ መጣ። በሄደ ቁጥር ጌሙ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ወንድሜ እያለቀሰ ቤት ገባ። «ሳልጫወት ሰዓትህ አለቀ አለኝ!» አለ። ለካ ማሽኑን በጥፊ መትቶት ኖሮ ሁለተኛ እንዳትመጣ ተብሏል።

በሳምንቱ የእናቴን ስልክ ይዤ ሄድኩና ለካሁት። (ጌሙ ለትልልቅ ሰዎች የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ መኪና ብቻ ነው የምነዳው።) ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ከተከፈተ ጀምሮ መጫወት እስኪቻል 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ። ይህ ሦስት ጊዜ ሲሆን 4 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከወንድሜ 5 ብር 2ቱን የበላው ሎዲንግ ነው ማለት ነው።

ለፋሲካ ሞጣ አጎቴ ቤት ስንሄድ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ያንኑ ጌም በላፕቶፑ ከፈተልኝ። 9 ሰከንድ! ከተማው ያው፣ መኪናው ያው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? እሱ ያስረዳኝን ልንገራችሁ።

ሲዲው ጎተራ ነው፤ ራም የሚባለው የማሽኑ ማስታወሻ ደግሞ መሶብ ነው። ጎተራው እህል ቢሞላም እንግዳ የሚበላው መሶብ ላይ የቀረበውን ብቻ ነው። ሎዲንግ ማለት ከጎተራ አውጥቶ መሶብ ላይ እስኪያቀርቡ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። እኛ በልማድ ሲዲ የምንለው ዲቪዲ ግን 4,700 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አካፍሉት፤ 147 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ መሶቡ ላይ አይገባም።

ሲዲውን የሚያነበው የሌዘር ብርሃን ነው። ቀጥ ብሎ ቢያነብ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ያህል ስለሚያመጣ ራሙን በ6 ሰከንድ ገደማ ይሞላው ነበር። ነገር ግን የሚፈለገው ነገር ሲዲው ላይ ተበታትኗል። ቤቱ እዚህ፣ መኪናው እዚያ ነው፤ ሌዘሩ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሲዲው ከተጫረ ደግሞ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል። የሞጣው ላፕቶፕ ግን ኤስኤስዲ አለው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም የሚመላለስም ነገር የለውም፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚያነብ እጅግ ይፈጥናል። መብራት ሲጠፋስ ለምን ከሀ ይጀመራል? ራም ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ስለሚረሳ ነው። መሶቡ ተደፋ ማለት ነው።

አሁን «ታዲያ ከጀመርን በኋላ ያን ሁሉ አገር ስንነዳ ለምን ሎዲንግ አይመጣም?» ትሉኝ ይሆናል። ድሮ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ቫይስ ሲቲ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው በድልድይ ስትሻገሩ ጌሙ ቆሞ ይጭናል። የሞጣ ሰዎች ዓባይን በሰባራ ድልድይ ሲሻገሩ በገመድ እስኪጎተቱ ይጠብቁ እንደነበረው ማለት ነው። በ2004 የወጣው ሳን አንድሪያስ ግን ሦስት ከተሞች ቢኖሩትም በመካከላቸው አያስጠብቅም። ዘዴው እንዲህ ነው። ከቢቸና ሞጣ በመኪና ስትሄዱ ደብረ ወርቅ ላይ ሆናችሁ ቢቸናም ሞጣም አይታዩም። ጌሙም በዙሪያችሁ ያለውን ብቻ ይይዛል፤ ያለፋችሁትን ከራም ያወጣል፣ የሚመጣውን ቀድሞ ያመጣል። ጎበዝ አስተናጋጅ እንግዳው እንጀራውን ሳይጨርስ ሌላ እንደምትጨምር ማለት ነው። በጣም ስትፈጥኑ ግን አንዳንዴ አይደርስም፤ ቤቶቹ ዘግይተው ብቅ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ዘዴ ጉም ነው። ክረምት ላይ ጮቄን ጉም ሲሸፍነው ከኋላው ምን እንዳለ እንደማይታይ፣ ጌሙም ገና ያልጫነውን ሩቅ ቦታ በጉም ይሸፍነዋል። በ2021 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ ጉሙን ቀነሱት። ያኔ ከተራራ ላይ ሁሉም ከተማ ታየና አገሩ ትንሽ መሰለ። ተጫዋቾች ስላጉረመረሙ በኋላ ጉሙን መለሱት።

ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የማሽኑ አይደለም። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጂቲኤ ኦንላይን ለዓመታት ብዙ ደቂቃ ያስጠብቅ ነበር። በ2021 አንድ ተጫዋች እሱ ጋ 6 ደቂቃ ቢፈጅበት ምክንያቱን ራሱ ፈለገ። ጌሙ 63,000 ያህል ዕቃዎች ያሉበትን ዝርዝር ያነባል። አንድ ዕቃ በመዘገበ ቁጥር ግን «ቀድሞ ተመዝግቦ ይሆን?» እያለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ያይ ነበር። የክፍላችን አለቃ 60 ተማሪ እንዲህ ቢመዘግብ 1,770 ጊዜ ስም ማስተያየት አለበት። ለ63,000 ሲሆን ወደ 2 ቢሊዮን ይጠጋል! ልጁ ይህንንና ሌላ አንድ ስህተት ሲያስተካክል 6 ደቂቃው ከ2 ደቂቃ በታች ሆነ። ድርጅቱም «ልክ ነህ» ብሎ ጌሙን አስተካከለ፤ 10,000 ዶላርም ሸለመው። አያችሁ፣ ወንድሜ ማሽኑን በጥፊ መታ፤ ያኛው ግን ጊዜው የት እንደሚሄድ ፈለገ።

እኔም የለካሁትን በወረቀት ጽፌ ለጌም ቤቱ ጋሼ አሳየሁት። «ሎዲንጉም እኮ መብራት ይበላል!» አለኝና ሳቀ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ግን ተስማማን። መብራት ጠፍቶ እንደገና ሲጫን ሰዓት አይቆጥርም፤ የመጀመሪያው ሎዲንግ ግን የእኛ ነው። ወንድሜም ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። አሁን እኔና እሱ ብራችንን አዋጥተን አንድ ጊዜ ብቻ እናስጭናለን፤ እሱ ሲጨርስ ማሽኑ ሳይጠፋ እኔ እቀጥላለሁ። ሲዲውንም በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እንጠርገዋለን፤ ዙሪያውን ማሸት ግን ይጎዳዋል።

እናንተም ሎዲንግ ሲቆይባችሁ ማሽኑን አትምቱት፤ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ።