በረኪና ዓይን ውስጥ ቢገባ፦ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ቫይታሚን

ሮም ውስጥ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ቪያ ቮልቱርኖ ከማገኛቸው እህቶቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በቤት ጽዳት ነው። አንዷ በቅርቡ «በረኪና ዓይኔ ውስጥ ቢረጭ ቫይታሚን ሲ ያድነኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቫይታሚን ሲ በዓይን የፊት ክፍል ፈሳሽ ውስጥ ከደም ይልቅ 20 እጥፍ ያህል ይበዛል። ኖራ ወይም የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ዓይንን ክፉኛ ሲያቃጥል ግን መጠኑ ይወርዳል። ያለ እሱ ደግሞ የዓይን ብሌንን የሚጠግነው ኮላጅን በደንብ አይሠራም። ሮዝዌል ፊስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ቫይታሚኑ ብሌኑ እንዳይቆስልና እንዳይበሳ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ዛሬም ሐኪሞች ለከባድ ቃጠሎ በጠብታና በእንክብል ያዙታል።

ይህ ግን የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ውኃ ነው። ቫይታሚን አለው ብላችሁ ሎሚ እንዳትጨምቁበት! ሽፋሽፍቱን ከፍታችሁ፣ ሌንስ ካለ አውጥታችሁ፣ በቧንቧ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጣሊያን ያላችሁ 112 ደውሉ። ጠርሙሱንም ያዙ፤ ሐኪሙ ምን እንደገባ ከጽሑፉ ያነባል።