እንሶስላ፦ ሥሯን አውቀን አበባዋን የረሳናት

ደብረ ሲና ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ጆንያ ዘርግተው አፈሩ ያልለቀቀው ወፍራም ሥር ከምረዋል። አጠገባቸው ወደ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ የምትወርድ ወጣት ቁጢጥ ብላ እየመረጠች ነው። ለሙሽራዋ፣ ለሚዜዎቹና ለእናትየዋ የሚበቃ ቆጥራ ወደ ፌስታሏ ከተተች።

«እማማ፣ የዚህ አበባው ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አበባውን ምን ያደርግልሃል ልጄ? የሚሞቀው ሥሩ ነው።» ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ነጭ ነው፤ መሐሉ ቀላ ይላል። ሲመሽ ይሸታል» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሳቸው ሁለተኛው መልስ ነው። እንሶስላ መሞቅን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። የሙሽራ መዳፍ፣ የእግር ጣቶች፣ ለበዓል የቀላ ጥፍር ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው። ተክሏን በአበባዋ ወራት ቆሞ ያያት ግን ስንቱ ነው?

እንሶስላ ከአንድ ሥር በየዓመቱ የምታቆጠቁጥ ቋሚ ተክል ናት። ሲመቻት ከሰው ቁመት ትበልጣለች፤ ሁለት ሜትር ትደርሳለች። ግንዷ ውሃ ያዘለና ለስላሳ ነው፤ ቅጠሏ ሰፊ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ የተከረከመ። ከቅጠሎቹ መሐል በሚወጡ ረጃጅም ዘንጎች ላይ አበቦቿ ተራ በተራ ይፈነዳሉ። ከታች ያሉት ሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግተው ነጭ ናቸው፤ ጉሮሮዋ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ቀለም ፈሶባቸዋል። ከአበባዋ ጀርባ ደግሞ ከጣት የሚረዝም ቀጭን ጭራ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ጭራ ባዶ ጌጥ አይደለም፤ ማሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። የንብ ምላስ እዚያ አይደርስም፤ የሚደርሰው ምላሱ እጅግ የረዘመ የእሳት እራት ነው። ቀን ዝም ያለችው አበባ ሲመሽ የምትሸተውም እሱን ለመጥራት ነው። ጨለማ ውስጥ ነጭነቷ ይመራዋል፤ የቀላው ጉሮሮዋ በሩን ያሳየዋል።

ፍሬዋም የራሷ ጠባይ አላት። በደንብ ስትበስል ጣት ሲነካት ተስፈንጥራ ትፈነዳና ዘሯን ወዲያ ወዲህ ትበትነዋለች። ሳይንሱ ወገኑን በሙሉ «ኢምፔሸንስ» ወይም ትዕግሥት የለሽ ብሎ የጠራው በዚህ የተነሳ ነው። ለእሷ «ቲንክቶሪያ» የሚለውን፣ ማለትም የማቅለሚያዋን፣ የጨመረው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሺል ሪሻር ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1847 ነበር። ሪሻር ስሙን ሲያወጣ የባለሙያ ሴቶቻችንን ሥራ ነው የመዘገበው፤ ይህም ያስደስተኛል።

ቀይ አበባ ያላት አንዲት እህትም አለቻት፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አትበቅልም። ስሟ ኢምፔሸንስ ሮቲ ይባላል። መጠሪያዋ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዛዊው ሻምበል ሃሪስ መልእክተኞች ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ የይፋትን ዳገት ወጥቶ፣ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ከደረሰው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከዮሐንስ ሮት ነው።

ዛሬ እንሶስላ በእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ግቢ ውስጥ በረጃጅም አበቦች ተርታ ከኋላ ትተከላለች። በክረምታቸው ግንዷ በውርጭ ይሞታል፤ ሥሯን በደረቅ ቅጠል ሸፍነው ያሳድሩታል፤ ሲሞቅ ታቆጠቁጣለች፤ ከበጋቸው አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ታብባለች። እነሱ በአበባዋ ይወዷታል፤ ሥሯ መዳፍ እንደሚያቀላ ብዙዎቹ አያውቁም። እኛ ሥሯን ቆፍረን አበባዋን ጥለናል። ሁለቱን የሚያውቅ ግቢ ቢኖር ምንኛ ባማረ!

የይፋት ምድር ለዚህ ጨዋታ የተለየ ስፍራ ነው። ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ ካለው ከጣርማ በር፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ተወርዶ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ይደረሳል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ። የእጅ ቀለሙም እንዲሁ ይለወጣል። ላይ የሚሞቀው እንሶስላ ነው፤ ታች በአርጎባው፣ በአፋሩና በኦሮሞው ቤት ለሠርግና ለዒድ የሚታሰረው ሂና። አንዱ ሥር፣ ሌላው ቅጠል፤ አንዱ የጥላና የእርጥበት ልጅ፣ ሌላው የፀሐይ። የሂናን ቅጠል ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ላውሶን ይባላል፤ የእንሶስላ የቅርብ ዘመድ በሆነችው ባልሳም ውስጥም ይገኛል። በኮሪያ ልጃገረዶች የዚያችን አበባ ወቅጠው ጥፍራቸው ላይ አስረው ያድራሉ። ሥር ታጥቦ፣ ተወቅጦ፣ ሞቅ ተደርጎ፣ እጅና እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታደርበትን ሌሊት ለምታውቅ የደብረ ሲና ሴት ይህ ባዕድ አይሆንባትም። በነገራችን ላይ በየከተማው «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳ ሊያቆስል ይችላልና ሙሽራን ከእሱ መጠበቅ ይገባል።

አሁን ወደ ግቢያችን። እንሶስላን በግቢ ዳር ለመትከል ለሚፈልግ ቀላሉ መንገድ ሥሩ ነው። ዘሯ ለመብቀል ጊዜ ይወስዳል። ከሥሩ አናት፣ ግንዱ ይወጣበት ከነበረው በኩል፣ ዓይን ያለው ቁራጭ ይለያል። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ብስባሽና የቆየ ፍግ በበዛበት አፈር አንድ ስንዝር ያህል ጠልቆ ይቀበራል። በልግ ደህና ከጣለ ቀደም ማለትም ይቻላል። በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር መተው ያስፈልጋል፤ ስትሰፋ ታፍናለችና። ቦታዋ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ቀትር ላይ ግን ጥላ የሚያርፍባት ይሁን። ግንዷ ለስላሳ ስለሆነ ንፋስ ይሰብራታል፤ የድንጋይ አጥር ከኋላዋ ቢኖር፣ ካልሆነም ችካል ቢተከልላት ትጸናለች። ክረምቱን አብባ ዝናቡ ሲቆም ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል፤ ግንዷ ይወድቃል። ሞተች ብሎ መንቀል ትልቁ ስሕተት ነው፤ ተኝታለች።

ሸዋ ሮቢት ላይስ? እውነቱን ልናገር፤ እዚያ አገሯ አይደለም። ቀትሩ ሲያይል ውሃ ያዘለው ግንድ ይዝላል፤ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ግድ ካሉ ከማንጎ ሥር፣ ከመስኖ ቦይ አጠገብ፣ አፈሩን በገለባ ሸፍነው ይሞክሯት፤ የደጋዋን ቁመት ግን አይጠብቁ። ለሮቢት ግቢ ሂና በአጥር ዳር፣ ቡገንቪሊያ በበሩ ላይ ይሻላል። እንሶስላ የምታምረው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ጭጋግ በሚወርድበት ዳገት ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሥሩ የሚሸጥ ተክል ሲሸጥ ከነነፍሱ ይሸጣል። በምንጭ ዳርና በጫካ ጥግ ለብቻዋ የበቀለችው በየሠርጉ ተቆፍራ ካለቀች የምትተካው በግቢያችን ብቻ ነው።

ለእናትየዋ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ከክምሩ አንዱን አንስተው በቢላዋቸው ለሁለት ቆረጡት። ወፍራሙን ታችኛውን ለልጅቷ ጨመሩላት። አናቱን፣ ዓይን ያለውን፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። «ዓይኑን ወደ ላይ አድርገህ ቅበረው» አሉኝ፤ «ከቤትህ ጀርባ አይሁን፤ ማታ ስትገባ እንዲሸትህ ከበሩ አጠገብ።»