ከሐርጌሳ እስከ ጅማ፦ ያረጀ ዝቅተኛ የእንጨት መቀመጫ ለቤት ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

ሐርጌሳ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የቤት ዕቃ ማግኘት ከብዙ ከተሞች ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱ የነዋሪዎቿ ግድየለሽነት ሳይሆን ያለፈችበት ታሪክ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ከተማዋን በመድፍና በጦር አውሮፕላን ሲደበድብ አብዛኛው ቤት ፈረሰ። ያልፈረሰውም ተዘረፈ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በጅጅጋ አቅራቢያ የተቋቋመው የሐርቲሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት በዓለም ካሉ ግዙፍ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበር። የተዘጋውም በ2004 ነው።

ነፍሱን ለማትረፍ የሚሮጥ ሰው ወንበር ተሸክሞ አይወጣም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ተርፎ ዛሬ በአንድ ቤት ጥግ የሚገኝ አጭር የእንጨት መቀመጫ ከቤት ዕቃነት ያለፈ ትርጉም አለው። አያት የተቀመጠችበት፣ እናት ሻይ ያፈላችበት፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የቀረ ምስክር ነው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ መግዛት፣ መውረስ ወይም ማስጠገን የሚፈልግ ሰው በምን ይለየዋል? እውነተኛውን ከአስመሳዩ፣ ጤነኛውን በነቀዝ ከተበላው፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣውን ከተዘረፈው እንዴት ያውቃል?

ዝቅ ብሎ የመቀመጥ ባህል

በአውሮፓና በአሜሪካ ‘ስሊፐር ቼር’ የሚባል ወንበር አለ። መደገፊያ ያለው፣ የክንድ ማሳረፊያ የሌለው፣ ከተለመደው ወንበር ዝቅ ያለ ነው። ስያሜውን ያገኘው ሴቶች በመኝታ ክፍላቸው ጫማ ለማጥለቅ ይቀመጡበት ስለነበር ነው። በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስፋት ተሠርቷል። የመደበኛ ወንበር መቀመጫ ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል፣ የዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ይቆያል።

ዝቅ ብሎ መቀመጥ ግን ለአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ በርጩማ፣ በሶማሊኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ገምበር ይህንኑ አገልግሎት ሲሰጡ ኖረዋል። ገምበር አጫጭር የእንጨት እግሮች ያሉትና መቀመጫው በተወጠረ ቆዳ የሚሠራ ዱካ ነው። እርጥብ ሆኖ የተወጠረው ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር እግሮቹን አጥብቆ ይይዛል።

የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ አሠራሩ ከዚህ ይለያል። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ። ምስማርም ሆነ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። ሦስት እግር መሆኑም በምክንያት ነው፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ሦስቱም እግሮች መሬት ስለሚነኩ አይንገዳገድም። የአካባቢው ጠራቢዎች የእጅ ሥራ ምን ደረጃ ላይ ደርሶ እንደነበር በጅማ ሙዚየም ከሚታዩት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች መረዳት ይቻላል።

በሁለቱ መካከል ሌላ ዘመድ አለ፦ ከእንጨት የሚጠረብ የራስ ማሳረፊያ። ሶማሌዎች ባርኪን ወይም ባርሺ ይሉታል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሐመሮች ቦርኮቶ የሚሉት ደግሞ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ትራስ ሆኖ ያገለግላል። በሩቅ የሚጓዝ አርብቶ አደር ሁለት ዕቃ ከሚሸከም አንዱን ለሁለት ተግባር ማዋሉ አያስገርምም።

መጀመሪያ ገልብጦ ማየት

በጥንታዊ ዕቃ ንግድ በተለመደው አጠራር ‘ጥንታዊ’ የሚባለው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላው ነው። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ነገር ግን የአንድን ዘመን መልክ የያዘው ‘ቪንቴጅ’ ይባላል። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ሻጭ ዕድሜ መጨመሩ የተለመደ ነው። የሚያጋልጠው ግን የማይታየው ወገን ነው።

ወንበሩ ሲገለበጥ ከሥሩ የመጋዝ ምልክት ይፈለጋል። የእጅ መጋዝ ቀጥ ያሉ፣ ግን እኩል ያልሆኑ ጭረቶችን ይተዋል። ክብ የማሽን መጋዝ ደግሞ የቅስት ቅርጽ ያላቸውን መስመሮች ያሳርፋል፤ ይህ መሣሪያ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከአንድ ግንድ በተጠረበ በርጩማ ላይ የሚጠበቀው የመጥረቢያና የመሮ ዱካ ነው።

ብሎኖችም ይናገራሉ። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ለገበያ የቀረበው በ1930ዎቹ ነው። የ1880ዎቹ ነው በተባለ ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ብሎን ከታየ ወይ ወንበሩ ኋላ የተሠራ ነው፣ ወይ በኋላ ተጠግኗል። ጥገና በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ሌላው መፈተሻ ሜትር ብቻ ይጠይቃል። እንጨት ዓመታት ሲያልፉ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ይኮማተራል። ስለዚህ ክብ ሆኖ የተሠራ ያረጀ መቀመጫ በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ማሳየቱ ይጠበቃል። በሁሉም አቅጣጫ ፍጹም እኩል የሆነ ‘የመቶ ዓመት’ በርጩማ ጥርጣሬ ሊያጭር ይገባል።

የሰው እጅና የጫማ ቀለም

እርጅናን ማስመሰል ይቻላል። አዲስ እንጨት በጭስ፣ በተቃጠለ ዘይት፣ በሻይ ወይም በጫማ ቀለም ይጠቁራል፤ በሰንሰለት ተደብድቦም ጠባሳ እንዲያወጣ ይደረጋል። ሆኖም አስመሳይ ብዙውን ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ዕቃ የሚያልቀው ሰው በሚነካበት ቦታ ነው።

በእውነት ያገለገለ መቀመጫ መካከሉ ይለሰልሳል። ሲነሣ የሚያዝበት ጠርዝ ያብለጨልጫል። የእግሮቹ ጫፍ ከወለል ጋር ሲፋተግ ይሸራረፋል። መደገፊያ ካለው የላይኛው ጠርዝ ይሟጠጣል። በአንጻሩ ማንም የማይነካው የሥረኛው ክፍል ደረቅና ደብዛዛ ሆኖ ይቆያል። ከላይም ከታችም፣ ከውስጥም ከውጭም አንድ ዓይነት ጥቁረት ያለው መቀመጫ ያረጀ ሳይሆን የተቀባ ሊሆን ይችላል።

እርጠብ ያለ ነጭ ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ማሸት ጥሩ ፈተና ነው። ትንሽ የጭስ ጥላሸት ቢወጣ ምድጃ አጠገብ ለኖረ ዕቃ የተለመደ ነው። የጫማ ቀለም ሽታ ያለው ወፍራም ጥቁረት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል።

ነቀዝና ስንጥቅ

ከውበቱ በፊት ጤንነቱ ይታያል። የእንጨት ነቀዝ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎችን ይተዋል። ቀዳዳ መኖሩ ብቻውን አያስፈራም፤ ነፍሳቱ ከዓመታት በፊት ወጥተው ሊሆን ይችላል። አሳሳቢው ከቀዳዳው ሥር የሚገኝ አዲስ ደማቅ ዱቄት ነው። መቀመጫውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ መታ መታ ማድረግና ለጥቂት ቀናት ማየት ጥርጣሬውን ያጠራል።

ሙዚየሞች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ማቀዝቀዝ ነው። ዕቃው በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ከወጣም በኋላ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ፕላስቲኩ አይከፈትም። ለአንድ በርጩማ የሚበቃ ትልቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ይህ ከመርዝ የተሻለ አማራጭ ነው። በቫርኒሽ የተለበጡ፣ በማጣበቂያ የተገጣጠሙ ወይም ቆዳ የለበሱ መቀመጫዎች ግን በቅዝቃዜው ሊጎዱ ስለሚችሉ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ጥንካሬውን ለማወቅ መደገፊያውን በአንድ እጅ፣ የመቀመጫውን ጠርዝ በሌላው ይዞ በቀስታ ማወዛወዝ በቂ ነው። የላላ ማጋጠሚያ ይጠገናል። በእግሩ ቁመት ልክ የወረደ ስንጥቅ ግን ክብደት ሲያርፍበት ስለሚሰፋ ዋጋውን ሊያስቀንስ፣ አንዳንዴም ግዢውን ሊያስቀር ይገባል።

እንጨትና የአየር ጠባይ

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ አየሯ ደረቅ የሆነ ከተማ ናት። እርጥበት ከሚበዛባት ጅማ ተነሥቶ በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል እዚያ የሚደርስ በርጩማ፣ ወይም ከወበቃማው የበርበራ ወደብ የሚወጣ የአውሮፓ ወንበር የያዘውን እርጥበት ቀስ በቀስ ይለቃል። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፀሐይ፣ ከማራገቢያና ከአየር ማቀዝቀዣ ፊት ርቆ ቢቆይ ይመረጣል። በጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ውስጥ ማኖር ድርቀቱን ያዘገየዋል። ዘይት መቀባት ድርቀቱን እንደሚያቆም የሚያምኑ አሉ፤ የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ይኮመጥጣል፣ አቧራም ይስባል። ስስ የንብ ሰም በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ይሻላል።

ለማን፣ ለምን?

ጥሩ መቀመጫ ሁሉ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ከ35 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ መቀመጫ በረከቦት ፊት ቡና ለምታፈላ ሴት ወይም ሕፃን ለምታጥብ እናት ይመቻል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋዊ ግን ከእሱ መነሣት ፈተና ነው፤ የክንድ ማሳረፊያ አለመኖሩም ችግሩን ያባብሰዋል። ለእነሱ መደገፊያ ያለውና ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የተጠጋው ይሻላል።

ወለል ላይ ፍራሽና ትራስ ዘርግቶ መቀመጥ በተለመደበት የሐርጌሳ ሳሎን ዝቅተኛ ወንበር ከመሬቱ ተቀማጭ ጋር ዓይን ለዓይን ያገናኛል። በረጃጅም ሶፋዎች በተሞላ ክፍል ውስጥ ግን የተቀመጠበትን ሰው ከሌሎቹ በታች ያደርገዋል። እንግዳ በሚከበርበት ባህል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማን ነበር?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ጦርነት ባለፈበት ምድር ያረጀ ዕቃ በአንድ ወቅት ከሰው ቤት የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ገዢው ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደቆየ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱን መጻፍ፣ ፎቶ ማንሣትና የክፍያ ማስረጃ መያዝም ይጠቅማል። ክፍያ በሞባይል በሚፈጸምባት ሐርጌሳ የመጨረሻው ቀላል ነው።

ድንበር ሲኖር ሕግም አለ። የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ እውነተኛ ጥንታዊ በርጩማ ከጅማ ወደ ሐርጌሳ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት ማነጋገር አለበት። ከብራዚል ሮዝውድ የተሠሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንበሮችም እንጨቱ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚደረግበት ሰነድ ይጠየቅባቸዋል።

ያረጀውን መጠቀም ለደንም ይበጃል። በኢትዮጵያ የቤት ዕቃ የሚወደደው ዋንዛ፣ እንዲሁም ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ያው የሐበሻ ጥድ በሶማሊላንድ ኤሪጋቦ አቅራቢያ በሚገኘው በዳሎ ተራራም ይበቅላል። የተጠገነ አንድ ወንበር ያልተቆረጠ እንጨት ነው።

የሐርጌሳ የቀድሞ ሙዚየም ክምችት በጦርነቱ ጠፍቷል። በ2014 የተከፈተው የሐርጌሳ የባህል ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ከጥፋቱ የተረፈውን ለማሰባሰብ ይሠራሉ። ነገር ግን ሁሉም ቅርስ ሙዚየም አይገባም፤ አብዛኛው የሚኖረው በሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተቀመጠበትና እንዴት እንደተረፈ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ከሥሩ ቢያኖር፣ ያ በርጩማ ወይም ገምበር ለሚቀጥለው ትውልድ ከነታሪኩ ይተላለፋል።